ሃያ ስድስቱ ፊደሎች

ዒልሚን አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ስለሱ ሳወራ የሰማኝ ሰው ወዳጁ ነበረች እንዳይል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠን ስንቀመጥ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ተጫውተን አናውቅም። እኔ ስገባ እሱ መስኮት ይከፍታል፤ እሱ ሲወጣ እኔ እዘጋለሁ። ያለን ማራገቢያ አንድ ነው። ወደኔ ሲዞር ወረቀቴን ይበትነዋል፣ ወደሱ ሲዞር እኔ በላብ እጠመቃለሁ። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በዚህ ብቻ መጣላት እንደሚቻል ይገባዋል።

"አባዮ" ይለኛል። በሱማልኛ እህቴ ማለቱ ነው። ማን እህትህ አደረገኝ እላለሁ በሆዴ፤ አንዳንድ ቀንም በአፌ። እኔ የኔነሽ ወልደጻድቅ ነኝ፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከሱ የወረስኩት ነገር ቢኖር ቁጣ ነው። ዒልሚ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ቴሌግራፍ ሲመታ የኖረ፣ ዐርባውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሰው ነው። አንድና ሰባት ስትጽፊ አይለይም፣ አቦ እጅሽን አፍታቺው ይለኛል። ደሜ ይፈላል።

ሥራችን እንዲህ ነው። እኔ የምስጢር ጸሐፊ ነኝ። አለቃችን ሻምበል ሣህሉ መልእክት ጽፎ ይሰጠኛል፤ እኔ ወደ ቁጥር እለውጠዋለሁ፤ ዒልሚ ቁጥሩን በራዲዮ ይልከዋል። ምን እንደላከ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ድሮ የግሪክ ሱቅ በነበረ ቤት ውስጥ ነበር ካልኩ ይበቃል። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው፣ ጥቅምት። ከሶማሊያ ጋር ያለው ጦርነት ደጃችን ላይ ነው፤ የባቡሩ መስመር ተቆርጧል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነገር ሁሉ አውሮፕላን ይጠብቃል።

መንግሥት "የምስጢር መልእክት አላላክ መመሪያ" የሚል ባለ አሥራ አራት ገጽ ጽሑፍ ልኮልን ነበር። የሚመክረው ሁለት ዘዴ ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ከፊደል ገበታ ነው፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባቱ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ በገበታው ተራ ቁጥር አለው። በቁጥሩ ላይ ደግሞ ቁልፍ የሚባል ሌላ ቁጥር ይደመራል። ሀ የተባለው ዘዴ ለያንዳንዱ መልእክት አዲስ የቁልፍ ወረቀት ይጠቀማል፤ አንዴ ከሠሩበት ይቃጠላል፤ እሱን ማንም አይፈታውም። ለ የተባለው ለተራው ምስጢር ነው፤ ለወሩ ሃያ ቁጥር ይሰጥሻል፣ እነሱን እየደጋገምሽ ትደምሪያለሽ። የሀ ወረቀት አልቆብን ከነሐሴ ጀምሮ አልመጣልንም። ስለዚህ የጦሩም፣ የዱቄቱም፣ የቁስለኛውም ወሬ በለ ዘዴ ይሄዳል። ሃያዎቹን ቁጥሮች ከኔና ከሻምበሉ በቀር የሚያያቸው የለም፤ በብረት ሣጥን ቆልፌ መክፈቻውን አንገቴ ላይ አንጠለጥለው ነበር።

መልእክቱ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው። ኢትዮጵያ ትቅደም! አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት! ያለዚያ ደብዳቤ አይወጣም፣ ማስታወቂያ አይለጠፍም፤ የዕረፍት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እንኳ ከታች ይህን ጽፎ ነው የሚፈርመው። እኔም እጄ ከመልመዱ የተነሳ ሳላስበው ወደ ቁጥር እለውጠዋለሁ።

አንድ ሰኞ የዒልሚን መላኪያ መዝገብ ሳገላብጥ የሰጠሁት መቶ ዐርባ ቁጥር፣ የላከው መቶ አሥራ አራት። ከዚያ በፊት ያለውን አየሁ፤ ሃያ ስድስት ይጎድላል። ከዚያም በፊት ያለውን፤ ሃያ ስድስት። አራት መልእክት ላይ እንዲሁ። ሠራኸኝ አልኩ! ያለ ኔ ፈቃድ ሥራዬን የሚቆርጥ ይህ ማን ነው?

ጠየቅኩት። አልካደም። ሲጋራውን እያጠፋ የመጨረሻው ሁሌ አንድ መሆኑን ነገረኝ፤ ምን እንደሆነም መገመት ለማንም አይከብድም አለ፤ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማናል፤ ጠላት መጨረሻውን ካወቀ ሌላውን ያውቃል፤ ቁጭ በይና ላሳይሽ አለኝ። ጆሮዬን አልሰጠሁትም። አንተ መላክ ነው ሥራህ አልኩት። ያን ጊዜ ነው ያቺን የተናገረው።

"አንቺ ትደምሪያለሽ እንጂ አታስቢም፣ አባዮ።"

ሌላ ሰው ቢለኝ እረሳው ነበር ይሆናል። እሱ ሲለኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ፣ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ለጓድ ዘገዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጓድ ዘገዬ የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ካኪ የለበሰ፣ ደብተር ከብብቱ የማይለይ፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው። "የራዲዮ ሠራተኛው ዒልሚ ዲሪር የአብዮቱን መፈክር ከአራት መልእክቶች ላይ ቆርጦ አስቀርቷል" ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ከነቁጥሩ ዘረዘርኩ። ፈረምኩ። ከፊርማዬ በላይ መፈክሩን አልረሳሁም።

ጓድ ዘገዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ንቁ ሠራተኛ ነሽ አለኝ። ዓርብ በውይይት ክበብ ዒልሚን አስነሥተው ሂስ አወረዱበት። ሊያስረዳ ሲጀምር አስቆሙት፤ ስለ ምስጢር አሠራር በአደባባይ አይወራም ተባለ። ከዚያ ግራ እጁን አስነሥተው መፈክሩን ሦስት ጊዜ አስጮኹት። እየጮኸ እኔን ያያል። እኔም አየሁት። ደስ ብሎኛል፤ መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰጠሁትን ሁሉ ሳያጎድል ላከ። አባዮ ማለቱንም ተወ።

ወር ገደማ ቆይቶ፣ ኅዳር ማብቂያ ላይ፣ ሻምበል ሣህሉ አንድ መልእክት ሰጠኝ። ሰባት መኪና ዱቄትና መድኃኒት ጭኖ ነገ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ ሐረር ይወጣል፣ ተቀበሉ የሚል። ለወጥኩት፤ መፈክሩን ጨመርኩ፤ ዒልሚ ላከው። በማግሥቱ ጠላት መኪኖቹን ዳገቱ ላይ ጠበቃቸው። ሰዓቱንም፣ የመኪናውን ብዛትም፣ መንገዱንም ያወቀ ሰው አደፋፈጥ ነው። ዐሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ ሾፌሮቹን ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ በቀለ የሚባለው በየጊዜው ከቀፊራ ገበያ ማንጎ ያመጣልን ነበር።

መልእክቱን የሚያውቅ ማን ነው ተባለ። ሻምበሉ፣ እኔ፣ ዒልሚ። ዒልሚ ቁጥሩን እንጂ ነገሩን አያውቅም ብሎ የተናገረ የለም። እኔም አልተናገርኩም። ጓድ ዘገዬ ደብተሩን ገለጠ፤ ከውስጡ የኔን ደብዳቤ አወጣ። ሱማሌ ነው፤ መፈክር ይጠላል፤ ምን ቀረ? ከምሳ በፊት ሁለት ወታደር መጥተው ከወንበሩ አስነሥተው ወሰዱት። የራዲዮ ማዳመጫውን ከጆሮው ያወለቀው ራሱ ነው፤ ጠቅልሎ በቦታው አስቀመጠው።

እኔስ ምን አሰብኩ? እውነቱን ልናገር፤ እሱ ነው ብዬ አመንኩ። የሚጠሉትን ሰው ማመን አያስቸግርም።

ሦስተኛው ቀን ላይ በሱ ምትክ ሌላ ሠራተኛ ስለሚመጣ ጠረጴዛውን እንዳጸዳ ታዘዝኩ። ከመላኪያ መዝገቡ ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። አናቱ ላይ "ለእህት የኔነሽ። ሳትቆጪ ቁጭ ብለሽ እይው" ይላል። ቀኑ ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የአንዱ መልእክቴ የመጨረሻ ሃያ ስድስት ቁጥሮች። ሁለተኛው ረድፍ መፈክሩ፣ ፊደል በፊደል፣ ከፊደል ገበታው ቁጥር ጋር። ሦስተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛው ተቀንሶ የቀረው።

ሦስተኛውን ረድፍ ሳየው ክው አልኩ። የኔ ሃያ ቁጥሮች ናቸው። አንገቴ ላይ መክፈቻ ያንጠለጠልኩላቸው፣ ከሻምበሉ በቀር ሰው አያያቸውም ያልኳቸው የጥቅምት ቁልፎች፣ አንድም ሳይሳሳት። ከሃያው በኋላ ስድስቱ ተደግመው መጥተዋል፤ በዚህም ቁልፉ ሃያ መሆኑ ራሱን ያጋልጣል። ሰውየው ሣጥኔን አልነካም። እርሳስና መፈክር ብቻ ነው የያዘው። እሱ በአንድ ከሰዓት ይህን ከሠራ፣ ከወዲያ ማዶ ሬዲዮ ይዞ የተቀመጠው ጠላት ምን ያቅተዋል?

ሣጥኑን ከፍቼ መመሪያውን አወጣሁ። አንብቤ ተረድቻለሁ ብዬ የፈረምኩበት ነው፤ አላነበብኩትም ነበር። አንቀጽ ዘጠኝ፤ "በመልእክት መግቢያና መዝጊያ ላይ ተደጋጋሚ ቃል እንዳይገባ በጥብቅ ይመከራል።" ገጹን ስገለብጥ የመመሪያው የመጨረሻ መስመር ኢትዮጵያ ትቅደም፣ አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት። ሳቄ መጣ። ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወረቀቱን ግን ምን ላድርገው? ዒልሚ ያለ ቁልፍ መፍታት እንደሚችል ያሳያልና ለጓድ ዘገዬ ብሰጠው፣ ንጹሕነቱን ሳይሆን ጥፋቱን ያይበታል። ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣ ዘዴው የኔ ነው ብዬ ልናገር ወሰንኩ። እኔን የሚሉኝን ይበሉኝ።

ወደ ሻምበል ሣህሉ ገባሁ። ሻምበሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። "ቁልፉን ይለውጡት፤ ለኔ አይንገሩኝ። የፈለጉትን ይጻፉ፤ መጨረሻው ላይ መፈክሩን ያድርጉበት፤ አነበዋለሁ" አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። ግን ጻፈ፤ ራሱ ደመረ፤ ወረቀቱን ወረወረልኝ። እርሳሴን አወጣሁ። ከታች ጀመርኩ፤ ከመጨረሻዎቹ ሃያ ስድስት ላይ መፈክሩን ቀነስኩ፤ ቁልፉን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። "ቀፊራ ቲማቲም ተወደደ" ይላል። ሳነብለት ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

ጓድ ዘገዬ ተጠራ። አንቀጽ ዘጠኝን አሳየሁት። ይመከራል ይላል እንጂ ግዴታ አይደለም አለኝ፤ መፈክር ደግሞ እንደማንኛውም ቃል አይደለም አለ። ዒልሚ ቆርጦ ያስቀረው መልእክታችንን ለመጠበቅ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት በቂም እንደሆነ ነገርኩት።

"ስለዚህ ዐሥራ አንዱን ሰው የገደለው የአብዮቱ መፈክር ነው፤ እንዲህ ነው የምትይው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ የጨመርኩት። እርስዎ ነዎት ያስጨመሩት" አልኩት።

ሻምበሉ ዓይኑን ጨፈነ። ጓድ ዘገዬ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። አሁን ወሰዱኝ ብዬ ስጠብቅ ሻምበሉ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ድፍረት አገኘ። ዒልሚን ቀደም ብለው ወደ ሐረር ወስደውት ነበር። ጉዳዩ እንደገና እስኪጣራ ምንም እንዳይደረግበት እዚያው ሐረር ላሉት የበላይ ኃላፊዎች እንጽፋለን አለ ሻምበሉ። ጓድ ዘገዬ አልተቃወመም። መልእክቱን ስለውጥ ግን ከጀርባዬ ቆመ። ጨርሼ እርሳሴን ሳስቀምጥ በጣቱ ባዶውን የወረቀት ጫፍ ነካ።

"መፈክሩስ?"

ጻፍኩት። ሌላ ምን ላደርግ? ያለዚያ አይሄድም።

በነጋታው የዒልሚ ሚስት ዛምዛም በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው ቤታቸው፤ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ፣ ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥራ መጥታለች። እስር ቤት ወስዳ ነበር፤ የለም፣ ተዛውሯል፣ መሥሪያ ቤቱን ጠይቂ ብለዋታል። ሰላም አላለችኝም።

"ደብዳቤውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ" አለችኝ።

አዎ አልኳት። መሬቱ ላይ፣ እግሬ አጠገብ ተፋች። በሷ ቦታ እኔ ብሆን ጸጉር እነጭ ነበር። እንዲመለስ ተጽፏል፣ መልስ እየጠበቅን ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትመጣለች። ከዛፉ ሥር ትቀመጣለች፤ ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች። ስገባ ታየኛለች፣ ስወጣ ታየኛለች። ሰባት ቀን።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ መልሱ በራዲዮ ገባ። አዲሱ ሠራተኛ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠኝ። ቁልፉ ግን ተለውጧል፤ የታኅሣሥ ቁልፍ ነው፤ እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም። ሻምበል ሣህሉ፣ ቁልፉ ሐሙስ በአውሮፕላን ይመጣል፣ እስከዚያ አይነበብም አለ። ወረቀቱን መዝግቢና ሣጥን ውስጥ ቆልፊው አለኝ። ፊቱን ሳየው ማንበብ እንደማይፈልግ ገባኝ።

መዘገብኩት። አልቆለፍኩትም። አዲሱ ሠራተኛ ለምሳ ሲወጣ የዒልሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ማራገቢያውን አጠፋሁ፤ ያንን የእርሳስ ወረቀት ከጡቴ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከዚያ የመልሱን የመጨረሻ ሃያ ስድስት ቁጥሮች ቆጥሬ ለየሁ። መፈክሩ ላይኖር ይችላል አልኩ ለራሴ። ጽፈንላቸው የለ፣ ገብቷቸው ይሆናል፣ ትተውት ይሆናል። መፈክሩን ቢተዉትና ማንበብ ቢያቅተኝ ደስታዬ ነበር። ቀነስኩ። ከሃያው በኋላ ስድስቱ ተደግመው መጡ። አልተዉትም።

ቁልፉን ይዤ ከላይ ጀመርኩ። ፊደል በፊደል ነው የሚመጣው፤ ቶሎ ልድረስ ቢሉ አይቻልም። ስለ ዒልሚ ዲሪር። የጻፋችሁት ደርሶናል። ከዚያ "እ" መጣች። እግዚአብሔርን እንደዚያ ለምኜው አላውቅም። "እንዲመለስ" በል፣ "እንዲለቀቅ" በል እያልኩ ቀጣዩን ቁጥር ቀነስኩ። "ር" ሆነ። የዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ ወዲያ ያለውን ለማወቅ ቁልፍም እርሳስም አያስፈልገውም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ቀነስኩ። እርምጃ ተወስዶበታል። ኢትዮጵያ ትቅደም። አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት።

እርምጃው የተወሰደበት ቀንም ተጽፏል። እኛ የጻፍን ዕለት ጠዋት ነው።

ወጣሁ። እስከ ሐሙስ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ሻምበሉም የፈለገው ይህን ነው። ዛምዛም ከዛፉ ሥር ተቀምጣለች፤ ሙቀቱ አስፋልቱን እያቀለጠው ነው። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ነገርኳት። በአማርኛ ነገርኳት፤ ያልገባት መስሎኝ ደገምኩላት። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም፣ አይደለም እያለች።

"የበሩ ዘበኛ ነግሮኛል፤ ቁልፉ አልመጣም፣ ሐሙስ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ማንም አያነበውም ብሎኛል። አንቺ ትዋሻለሽ፤ መጀመሪያም ዋሽተሽበታል። በምን አነበብሽው?"

የዒልሚን ወረቀት እጇ ላይ አደረግኩላት፤ የእጅ ጽሑፉን አወቀችው።

"እሱ ነው ያስተማረኝ" አልኳት።